ያልገጠመ ክብ

ክቡ ዛሬም አልገጠመም። አባዬ ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። የተበላሸ ክብ ሁሉ የእኔ ነበር። እስክሪብቶው ከተነሳበት ነጥብ ዞሮ ሲመለስ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት ትቶ ይቆማል። ክፍተቷን አፍ አደርጋትና ከላይ ሁለት ዓይን እጨምርበታለሁ። ከአልጋዬ ሥር አፋቸውን የከፈቱ ፊቶች ክምር ነበረኝ፤ ሁሉም አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ቃሉ የጠፋባቸው ይመስላሉ።

ማሽኑን አባዬ የሠራው ከወዳደቀ ዕቃ ነው። ሞተሮቹ ከተጣሉ የወረቀት ማተሚያዎች የተፈቱ ነበሩ፤ ዘንጎቹ የመጋረጃ ማንጠልጠያ፣ መደቡ ደግሞ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር። ጥርስ ያላቸው ሁለት የጎማ ቀበቶዎች፣ ቺንጋ የሚባሉት፣ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ተወጥረው፣ እስክሪብቶ የታሰረበትን ትንሽ ጋሪ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። ለእናትሽ ነው ይለኝ ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንገትጌውንና የእጅጌውን ልክ ወረቀት ላይ በእጇ እየነደፈች ነው የምትቆርጠው። ማሽኑ ሲያልቅ ንድፉን እሱ ይሠራላታል፣ እሷ መቁረጥና መስፋት ብቻ ይቀራታል። አንገትጌ ለመንደፍ ግን መጀመሪያ ክብ መግጠም አለበት።

ለምን ከቤት እንደማይወጣ አንድ ጠዋት ስነዘንዘው «ክቡ የገጠመ ቀን» አለኝ፣ «አንቺን ይዤ እወጣለሁ። እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ የሩዝ ፍሬ ለእኔ የበር ቁልፍ ሆነች።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ሙሉ ቀን እዚያው ነኝ። እማዬ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይንቋቋል፣ ከዚያ የጫማዋ ድምፅ በደረጃው እየወረደ ይጠፋል፣ ከዚያ ሙቀቱ ይጀምራል። መስኮቱ አይከፈትም። እጀታውን እማዬ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ አቧራ ገብቶ ማሽኑን ያበላሸዋል ብላ። ክፍሉ የማሽን ዘይት፣ የጋለ ሽቦና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። ከመስታወቱ ባሻገር ከታች የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጠልዙ አያለሁ፤ ድምፃቸው ግን በመስታወቱ ታፍኖ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል።

ከመውጣቷ በፊት የምትሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ነበር። ከአባትሽ እንዳትለዪ። ዝም ካለ አናግሪው። ምን ብዬ እንደማናግረው ስጠይቃት «የመጣልሽን ጠይቂው፣ አንቺ መቼም ጥያቄ አጥተሽ አታውቂም» አለችኝ። «ብቻ መልስ ሳይሰጥሽ እንዳትተዪው።»

እስረኛዋ እኔ የሆንኩ መሰለኝ። ጥፋቴንም አውቀው ነበር፤ የጨርቅ መቀሷን ወስጄ ካርቶን ቆርጬበት አደንዝዤዋለሁ። ልብስ ሰፊ መቀሷን ከተነካች ምሕረት እንደማታውቅ ስለማውቅ ቅጣቴን በዝምታ ተቀበልኩ። የአባዬ ጠባቂ እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የመስኮቱም እጀታ ከአቧራ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

ማሽኑን መሥራት ከመጀመሩ በፊት አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ቀድሞ የክር ፋብሪካ ዋና መካኒክ ነበር፤ አንድ ቀን ከሥራ መጣ፣ ጫማውን አልጋው ሥር አስገባ፣ አላወጣውም። አሞት ነው ተባልኩ። ተኝቶ ሳየው ምኑ ላይ እንዳመመው ለማወቅ ከራሱ እስከ እግሩ እቃኘዋለሁ፤ ምንም የቆሰለ ነገር አላገኘሁበትም። ግድግዳው ላይ ግን የጭንቅላቱ ቅባት የተወው ጠቆር ያለ ክብ ነበር። ያኛው በደንብ የገጠመ ክብ ነበር።

ልልነት የምንፈልገው እንዲህ ነው። አባዬ ሞተሩን በጣቱ በጥቂቱ ያዞራል፣ እኔ ጣቴን ጋሪው ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ መንቀሳቀሱ በተሰማኝ ቅጽበት መናገር አለብኝ።

«አሁን?»

«አሁን።»

ወደ ቀኝ እየሄደ ወደ ቀኝ ከቀጠለ ችግር የለም። ጉዱ ሲመለስ ነው። ሞተሩ ዞሯል፣ ጋሪው ግን ወሬው ገና ያልደረሰው ይመስል ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ዘሎ ይከተላል። ክቡን የምትከፍተው ያቺ መዘግየት መሆኗን አባዬ ነገረኝ። አንዱ ሌላውን በደንብ ካልያዘው፣ በመሃላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ካለች፣ መንገዱ ቀጥ እስካለ ድረስ አይታወቅም፤ መታጠፊያው ላይ ግን ታሳብቃለች።

ቺንጋውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፣ ጆሮውንም አስጠግቶ ድምፁን ያዳምጣል። በጣም ሲወጥረው ሞተሩ ያቃስታል፣ ሲያላላው ጥርሱ ይዘላል። ጋሪውን ዘንጉ ላይ የሚያንሸራትቱትን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ አውጥቶ ዘንጉ ላይ ያወዛውዛቸዋል፤ ሰፋ ያለው ውስጥ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ቅዳጅ ያስገባበታል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚደርሰው ሞተሩ ጋ ነው። ቺንጋው የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ፣ ፑሊውን፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር አጥብቃ የምትይዝ፣ ከምስር የማትበልጥ ብሎን አለች። ብሩጎላ በሚሏት እንደ ጣት በታጠፈች ትንሽ ቁልፍ ያጠብቃታል። በማግሥቱ ላልታ ትገኛለች።

«መንቀጥቀጡ ነው የሚያላላት» ይላል፣ ወደ እኔ ሳያይ።

በየጊዜው ዕቃ የሚያመጣልን ሰው ነበር። ባለኮቱ ነበር የምለው፤ በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም፣ ቀኝ እጁንም ከኮቱ ኪስ አያወጣም። በግራ እጁ ቺንጋ ወይም ኩሽኔታ የያዘች ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ በዝግታ ያንኳኳል። እማዬ በሩን በትንሹ ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ትሾልካለች። አባዬ ድምፁን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ባለኮቱ በክፍተቷ አሻግሮ ካየኝ «የፎቁ አለቃ፣ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። በዚያ ኪስ ውስጥ ከረሜላ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። ለእኔ አምጥቶ መስጠቱን የሚረሳው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው። ባለኮቱ ገና ነው ወይ አላት፣ ገና ነው አለችው። እስከ መቼ እንዲህ ይሆናል ሲላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እስኪጨርስ።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ሲጨርስስ? እኔ ያንን ቀን ነው የምፈራው ወንድሜ።»

ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ዕቃውን የሚያመጣው እሱ ከሆነ ማሽኑም የእሱ ነው፤ ያለቀ ዕለት ነቅሎ ይወስደዋል። አባዬ የሚደበቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ባለኮቱ ሲመጣ አንድ ዓይኔ ኪሱን ይመኛል፣ ሌላው ደግሞ ይጠላዋል።

ጠረጴዛው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ያገኘሁትም በዚያው ሰሞን ነው። እማዬ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም፤ ከባለኮቱ ፌስታል የወጣ መሰለኝ። አባዬ ብሩሿን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንደ ሚዜ ተጠንቅቆ፣ ከብሎኗ ራስ ተነሥታ ፑሊው ላይ የምትዘልቅ ቀጭን ቀይ መስመር ሠራ። ለሌሎቹም ብሎኖች እንደዚያው። ጌጥ መሰለኝ። እኔም የትንሿን ጣቴን ጥፍር አስቀባሁት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለልኝ። አባዬ ፈገግ ሲል ያየሁት በስንት ጊዜው ነበር።

ቀን ቀን፣ አባዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃ ሲከፍት፣ እማዬ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ትነሳለች። የመጀመሪያ ቀን ያየኋት ክር ልለቅም ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ሳለ ነው። ከጉርዷ ኪስ የአባዬን የመሰለች ብሩጎላ አወጣች፣ በሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች፣ በአንድ እጇ ፑሊውን ይዛ በሌላው ዘወር አደረገች፤ ትንሽ ናት፣ ሩብ ዙር እንኳ አትሞላም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ደስ አለኝ። እማዬ በድብቅ እያገዘችው ነበር፤ እንዳታሳፍረው፣ ራሱ ጠገንኩት እንዲል። የስፌት መኪናዋ ራሱ በቺንጋ የሚዞር ነው፤ ሲላላ የምታጠብቀው፣ ሲጠብቅ የምታላላው እሷው ናት። ምሥጢሯን ጠበቅኩላት። እንዲያም ሆኖ ክቡ አልገጥም ሲል እማዬ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንጂ ጎበዝ መካኒክ አይደለችም ብዬ አዘንኩላት።

ባለኮቱ ወደ ቤት የገባው በእኔ ምክንያት ነው። እማዬ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ከገበያ ተመልሳ ገና በሩን ሳትዘጋ ከኋላዋ ደረሰ። እሷ ጥቅሉን ልታስቀምጥ ዞር ስትል እኔ በሩ ላይ ከፊቱ ቆምኩ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያሳዩኝ» አልኩት።

መልሱን አልጠበቅሁም። እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ከረሜላ አልነበረም። እጁን ይዤ ላወጣው ጣቶቹን ፈለግሁ፤ ጣትም አልነበረም። ለብ ያለ፣ ለስላሳ፣ ድቡልቡል ነገር ብቻ ነበር፣ እንደ ሕፃን ተረከዝ።

«እጅዎ የት ሄደ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከውስጥ ሞተሩ ቆመ። እማዬ ጥቅሉን እንደታቀፈች ደረቀች። ባለኮቱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሊለኝ ሲል የአባዬ ድምፅ መጣ።

«አስገቢው።»

ያኔ የማላውቀውን ዛሬ አውቃለሁ። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ትልቅ የክር መፍተያ ነበረ። ቺንጋው እንደላላ ጠዋት ለአባቴ ተነግሮታል፤ ሄዶ አየው፣ በእጁ ሞከረው፣ እስከ ነገ ትቆያለች አለ። ሥራ ማቆም ከባድ ስለነበር ሁሉም መካኒክ የሚለው ነው። ከሰዓት በኋላ ቺንጋው ከፑሊው ሲንሸራተት ባለማሽኑ እንደ ልማዱ በእጁ ገፍቶ ሊመልሰው ሞከረ። ያ ባለማሽን ባለኮቱ ነው። አባቴን ማንም አልከሰሰውም፣ ማንም ከሥራ አላባረረውም። ራሱ ነው መጥቶ ጫማውን አልጋ ሥር ያስገባው።

አባዬ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የሚይዘው ነገር ያጣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ባለኮቱ ወደ እሱ አላየም። «ይሄ ነው እንግዲህ» አለና ማሽኑ ላይ አጎነበሰ። ጋሪውን በግራ እጁ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ገፋው። ቀጥሎ ሌላ ምንም ሳይነካ ሞተሩ ጋ ሄደና ቀዮቹን መስመሮች ተመለከተ።

መካኒኮች ያንን መስመር የሚቀቡት ለጌጥ አይደለም። ብሎን ከቦታው ከተነቃነቀ መስመሩ ይሰበራል፤ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ፑሊው ላይ ይቀራል። በዓይን ብቻ ይታወቃል። የሞተሩ ብሎን መስመር ተሰብሮ ነበር። ከእሱ ሥር ሌላ የተሰበረ መስመር ነበር፣ ከዚያም ሥር ሌላ፤ እየተቀባ፣ እየተሰበረ፣ ደግሞ እየተቀባ የብሎኗ ዙሪያ ደም የረጋበት መስሏል። ባለኮቱ ቀና ብሎ እማዬን አያት። ከዚያ አባዬን አየው። ሁለቱ ግን አልተያዩም።

«ማሽኑ ምንም የለበትም» አለ ቀስ ብሎ።

«መንቀጥቀጡ ነው» አለ አባዬ።

«እሺ፣ መንቀጥቀጡ ነው።» ባለኮቱ እጁን ዘረጋ። «ብሩጎላ።»

አባዬ የራሱን ከጠረጴዛው አነሳ። ከእሱ እጅ ቀድሞ ግን የእማዬ እጅ ከጉርዷ ኪስ ወጥቶ የእሷን ብሩጎላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባዬም የያዛትን ከእሷ ብሩጎላ አጠገብ አኖራት። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ተጋደሙ፣ መንትያ ናቸው። ማንም ከየት መጣች ብሎ አልጠየቀም። እኔ ብቻ የእማዬ ምሥጢር ወጣ ብዬ ተሳቀቅሁ።

ባለኮቱ አንዷን አነሳ። «ፑሊውን ያዝልኝ» አለው አባዬን፤ «እንደምታየው እጅ አይተርፈኝም።» ቀኝ ክንዱን ከኪሱ አወጣና በጉማጁ ጫፍ ቺንጋውን ተጭኖ ያዘ። አባዬ ፑሊውን ለመያዝ ወደዚያ ክንድ መጠጋት ነበረበት። ተጠጋ። ፑሊው በጣቶቹ መሃል አልረጋ አለ። ባለኮቱ እስኪረጋ ጠበቀው። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ።

እስክሪብቶው ተነሳ፣ ዞረ፣ መታጠፊያዎቹ ላይ ሳይዘገይ አለፈ፣ ከተነሳበት ነጥብ ላይ አረፈ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ፈለግሁ። የሩዝ ፍሬዋ የለችም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከፋኝ። ይኼኛው ፊት አፍ የለውም።

እማዬ ክቡን አላየችውም። የምታየው የአባዬን ዓይን ነበር። የአባዬ ዓይን ደግሞ በተከፈተው በር ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ አልጋው ሄዷል። ሲጨርስስ ያለችው ሰዓት ይህች እንደነበረች ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ የታየኝ ግን ባለኮቱ ማሽኑን የት በኩል እንደሚሸከመው ብቻ ነበር።

«መጠገኛ ቤት ከፍቻለሁ» አለ ባለኮቱ፣ ክንዱን ወደ ኪሱ ሳይመልስ። «እኔ ባለችኝ አንድ እጅ እታገላለሁ፤ አንተ ሁለቱን ይዘህ እዚህ ቁጭ ብለሃል። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

አባዬ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ብሩጎላ በጣቱ አዟዟራት። «እንዴት ብለህ ታምነኛለህ?»

«አላምንህም። ያጠበቅኸውን ሁሉ ከኋላህ እየዞርኩ አየዋለሁ። አንተም የእኔን ታያለህ።»

ዝምታው ሲረዝምብኝ እኔ ትእዛዜ ትዝ አለኝ፤ ዝም ካለ አናግሪው፣ መልስ ሳይሰጥሽ እንዳትተዪው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ክቡ ገጥሟል። ትልቁ መንገድስ?»

ወደ እኔ ዞረ። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም አልተውኩትም። ደግሜ ጠየቅሁት። ሦስተኛ ልጠይቀው ስል እማዬ ከአልጋው ሥር ጫማውን አውጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ቆዳው ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር። ሲያጠልቀው ተንቋቋ።

ትልቁ መንገድ አልደረስንም። አንድ ፎቅ ወርደን አባዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ላብ በጀርባው ሸሚዙን አጣብቆታል። ባለኮቱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ጎረቤት ሲያልፍ እግራችንን እየሰበሰብን ስለ ኩሽኔታ ዋጋ ያወሩ ነበር። እማዬ ከላይ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ቆማ ታየናለች። ከዚያ መልሰን ወጣን። ሌላ ቀን ደግሞ ወረድን፣ ትንሽ ራቅ አልን። በሩ ከውጭ መቆለፉ መጀመሪያ ቀረ። የመስኮቱ እጀታ የተመለሰው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዛሬም ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ያጠበቀውን ሌላው እየፈተሸ ሲነታረኩ ይውላሉ። ማሽኑ ለእማዬ አንድም አንገትጌ ነድፎላት አያውቅም። እሷ በእጇ መንደፉን ትመርጣለች።

ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ማሽኑን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩት። አቧራውን ስጠርግ ያ ብሎን ጥፍሬ ሥር መጣ፤ ቀለሙ ላይ ቀለም፣ መስመሩ ላይ መስመር። የክር ፋብሪካ ዋና መካኒክ መስመሩ በየቀኑ ሲሰበር እያየ መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ሊያምን አይችልም። አባዬ ማን እንደምታላላት ያውቅ ነበር። እያወቀ በየቀኑ አጥብቆ፣ መስመሯን ቀብቶ፣ ለእሷ ይተውላት ነበር። እሱም እንዲያልቅ አልፈለገም።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኗን ታጨነቁራለች።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ያውቅ ነበር» አልኳት። «ምልክት ያደርግ ነበር። በዚህ ቀይ ቀለም።»

ክሩ ገባላት። ጎትታ ቋጠረችው።

«ከቤት የማይወጣ ሰው» አለች፣ «ቀለሙን ማን የገዛለት ይመስልሻል?»

ብሎኗን እንደገና አየኋት።

«የጥፍር ቀለም አምጪልኝ አለኝ፣ ቀይ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱ ይቀባል፣ እኔ አላላለሁ፣ ደግሞ ይቀባል። ያኔ ሌላ መነጋገሪያ አልነበረንም።»

ጎንበስ አለችና ብሎኗን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ አደረገቻት።

«ጥሩ ቀለም ነበር» አለች። «እስካሁን አልለቀቀም።»